ቁመቱ ከፍ የተደረገ የፒክአፕ መኪና ጎማ ስለ ማቃናት

ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል በነበረችው በአምቦና በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ለእርሻ ሥራ የሚያገለግሉት ፒክአፕ መኪናዎች የሚሄዱበት መንገድ ኹለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሆለታ፥ በጊንጪ፥ በአምቦ፥ በጉደርና በጌዶ አልፎ ወደ ባኮ የሚወርደው አስፋልት ነው፤ ኹለተኛው ከዚያ እየተገነጠለ ወደ ገበሬው መንደር የሚገባው የጠጠርና የጭቃ መንገድ ነው። በክረምት የጊንጪ መረሬ ሲርስ መኪናው ጭቃውን በሆዱ እየገፋ ይቆማል። ስለዚህ በኋላው ባሌስትራ ላይ ተጨማሪ ቅጠል ማስገባት፥ የፊቱንም ሞላ በረዥም መለወጥ ተለምዷል። መኪናው ከመሬት ይነሣል፤ ያሠራውም ሰው ደስ ይለዋል። ነገር ግን ከዚያ በኋላ አላይመንት ሳይሠራለት ወደ አገልግሎት ከተመለሰ፥ በጭቃው ያተረፈውን በአስፋልቱ ያጠፋዋል።

የጎማ አቀማመጥ በሦስት ነገር ይታወቃል። መጀመሪያው ቶ የሚባለው ነው፤ ይኸውም የፊት ጎማዎች ኹለቱ ከፊታቸው እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ወይም መራራቃቸው ነው። ኹለተኛው ካምበር ነው፤ ጎማው ቆሞ ሳለ ራሱን ወደ ውጭ ወይም ወደ ውስጥ መጣሉ ነው። ሦስተኛው ካስተር ከኹሉ ይልቅ ስውር ነው። ጎማው መሪ ሲዞር የሚሽከረከርበት መስመር ከላይ ወደ ኋላ ጋደል ያለ ስለ ሆነ፥ መሬት የሚነካበት ነጥብ ጎማው ከሚረግጥበት ይቀድማል። በበሬ የሚጐተት ግንድ ከሳቢው ኋላ በራሱ እንደሚቃና፥ ጎማውም እንዲሁ ወደ ቀጥታው ይመለሳል። ካስተሩ ባነሰ ጊዜ መሪው በራሱ አይመለስም፤ መኪናውም በፍጥነት ሲሄድ ይዋልላል።

መኪናው ከፍ ሲል የሚበላሸው እንደ አሠራሩ ነው። በኋለኞቹ ዘመናት እንደ ተሠሩት እንደ ቶዮታ ሃይሉክስ ያሉት የፊት ጎማቸው እየብቻው በላይና በታች ክንድ የተያዘ ነው። አካሉ በተነሣ ቍጥር ክንዶቹ ወደ ታች ያዘነብላሉ፤ ጎማው ራሱን ወደ ውጭ ይጥላል፥ ካስተሩ ይቀንሳል፥ ቶውም ከልኩ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በፊቱ ሞላ የገባለት ላንድ ክሩዘር 79 ግን ፊቱ አንድ ወጥ አክስል ስለ ሆነ ካምበሩ አይነካም፤ ነገር ግን አክስሉ ራሱ ስለሚሽከረከር ካስተሩ ይጐድላል፤ የመሪውም እጀታ ቀጥ ባለ መንገድ ጠምሞ ይቆማል። ፊቱ ሳይነካ ኋላው ብቻ ቢነሣስ? መኪናው ወደ አፍንጫው ስለሚደፋ ካስተሩ በዚህም ይቀንሳል። ባሌስትራ ብቻ ያስጨመሩ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ አያስተውሉም።

ጉዳቱን ጎማው ራሱ ይናገራል። የውጭው ጠርዝ ብቻ ሲበላ ካምበሩን፥ ፊቱ በእጅ ሲዳሰስ በአንድ ወገን እንደ መጋዝ ጥርስ ሲሻክር ቶውን መጠርጠር ነው። የካስተር ጉድለት ግን በጎማው ላይ ብዙ አይታይም፤ የሚታወቀው የማዳበሪያ ጆንያ ተጭኖ ከደገኛው ከጌዶ ወደ ባኮ ቍልቍል ሲወረድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ማወቅ ደግሞ የዘገየ ዕውቀት ነው። ሾፌሩም እጁ ስለሚለምደው አይናገርም፤ ስለዚህ ሹሙ ሳይነገረው ይጠይቅ።

በወረዳው ግቢ በቀላሉ የሚመረመር ነገር አለ። በደልዳላ መሬት ላይ የጎማዎቹ ነፋስ ከተስተካከለ በኋላ፥ የፊቱ ጎማ በክሪክ ተነሥቶ እየዞረ በመካከሉ በጠመኔ መስመር ይሠመርበታል። መኪናው ወርዶ ሞላው እንዲረጋ ጥቂት ሜትር ወደ ፊት ይነዳል። ከዚያ በመስመሮቹ መካከል ያለው ርቀት በጎማዎቹ ፊትና ኋላ፥ በአንድ ከፍታ፥ ይለካል። በእነዚህ መኪናዎች የፊቱ ከኋላው እኩል ወይም በጥቂት ሚሊ ሜትር ያነሰ መሆን ይገባዋል፤ ቍርጡ ልክ በፋብሪካው መጽሐፍ ይገኛል። ለካምበር የግንበኛ ቱንቢ በጎማው ጎን ይንጠለጠላል፤ የቸርኬው የላይ ከንፈር ከታችኛው ይልቅ ለክሩ ቢቀርብ ጎማው ወደ ውጭ ዘንብሏል። ካስተር ግን በክርና በሜትር አይገኝም፤ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ያስፈልገዋል።

ወደ ጋራዥ ሲላክ አስቀድሞ የመሪው መጋጠሚያዎች፥ የክንዱ ላስቲክና ኩሽኔታው ይታዩ፤ በላላ ነገር ላይ የተለካ ልክ በነጋታው ይጠፋልና። መኪናው በየዕለቱ የሚጭነውን ያህል ጭኖ ቢለካ ይሻላል። ካስተርና ካምበር ቀድመው ይስተካከላሉ፤ ቶ መጨረሻ ነው፥ እነዚያ በተነኩ ጊዜ እርሱም ስለሚለወጥ። ማስተካከያው ብሎን እስከ መጨረሻው ዞሮ ልኩ ያልመጣ እንደ ሆነ መካኒኩ «ይበቃል» ቢልም አይበቃም፤ ወይ ከፍታው ይቀነስ፥ ወይም ለዚያ ከፍታ የተሠራ ክንድ ይገዛ።

አዲስ ሞላና ባሌስትራ በሥራ ላይ ጥቂት ስለሚቀመጥ፥ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከተሄደ በኋላ ልኩ እንደ ገና ይታይ፤ ጋራዡ የሰጠው የልክ ወረቀትም ከመኪናው መዝገብ ጋራ ይቀመጥ።