ተረከዙን ነው ዳገቱን?

ብዙዎቻችሁ ከበቆጂና ከአሰላ ስለሆናችሁ፣ የሚያምታቱ የእንግሊዝኛ ቃላትን ዛሬ በሩጫ ቋንቋ እናያለን።

ተረከዝም ዳገትም በእንግሊዝኛ፣ በእኛ ፊደል ሲጻፉ፣ «ሂል» ናቸው። ሯጭ ደግሞ ከሁለቱም አይለይም፤ ዳገት ይሠራል፣ ተረከዙን ያመዋል። ውጭ አገር ሄዶ ለፊዚዮው «ዳገቴን አሞኛል» ቢል፣ ሰውየው እግሩን አይቶ ይረዳዋል። ኤምባሲ መስኮት ላይ ግን የሚታይ እግር የለም። መኖርም መሄድም «ሊቭ» ነው፤ ጥያቄውን በግማሽ ጆሮ የሰማ ሰው የት እንደሚኖር ሲጠየቅ የሚሄድበትን ቀን ይናገራል።

እኔ ጥፋቱን ከምላሳችን ይልቅ በፊደላችን ላይ አደርጋለሁ። እኛ አንድ «ኢ» አለን፣ እንግሊዝኛ ሁለት። ተረከዙ ረጅሙ ነው፤ ከንፈር ወደ ጎን ሳብ ይልና «ሂኢል» ይላል። ዳገቱ አጭር ነው፤ «ሂ» ልትሉ ጀምራችሁ ወደ «ህ» ስታዘነብሉ መሐል ላይ ታገኙታላችሁ። «ሊቭ»ም እንደዚያው፦ መሄዱ ረጅም፣ መኖሩ አጭር።

እዚህ ላይ አፋን ኦሮሞ የሚናገር የበቆጂ ልጅ ከአዲስ አበባው ይቀድማል። «ቦና» በአጭሩ በጋ ነው፤ «ኦ»ው ሲረዝም «ይኮራል» ማለት ይሆናል፣ ቁቤውም አናባቢውን ደግሞ ይጽፈዋል። ጆሮው ርዝመት መለየት ለምዷል። በአማርኛ የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው («አለ»ን ሁለት ዓይነት አንብቧት)፤ አናባቢ ማስረዘም ለእኛ ትርጉም አይቀይርም።

«ሂት» ግን ለማንም አይራራም። ማጣሪያ ዙርም ሙቀትም ነው፣ በእንግሊዝኛም ቃሉ ያው አንድ ነው። በ2008 የቤጂንግ ኦሎምፒክ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ በ5,000 ሜትር ማጣሪያ ሮጠው ነው ፍጻሜ የገቡት፤ 10,000ው በቀጥታ ፍጻሜ ነበር። ሁለቱም ሁለቱንም ወርቅ ወሰዱ። «ሂቱ እንዴት ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጠኛ ስለ ዙሩ ይሁን ስለ አየሩ የሚታወቀው ከወሬው ነው። አሳጥራችሁ ከጠራችሁት ደግሞ «መታ» ይሆናል።

«አሸነፈ» እና «አንድ»፣ ሁለቱም «ዋን»፣ ልምምድ አያስፈልጋቸውም። ፈረንጁም አንድ አድርጎ ነው የሚጠራቸው፤ የሚለያዩት ሲጻፉ ነው። ክብደትና መጠበቅም («ዌይት») እንዲሁ።

ቪዛን «ቢዛ» ለምትሉ አንድ ልጨምር። የሩጫ ካናቴራ «ቬስት» ነው፣ የራስ ምርጥ ሰዓት «ቤስት»። ለ«ቬ» የታችኛውን ከንፈር በላይኛው ጥርስ ነካ አድርጉ። ካናቴራው ጠፍቶበት «ቤስቴ የት አለ?» የሚል ሯጭ፣ አሠልጣኙ ሰዓቱን ቢነግረው አይፈረድበትም።