አሮጌ ቤትን በአነስተኛ ወጪ ከብርድና ከጭስ መከላከል፤ ከሐይቅ እስከ አምባሰል ደጋ

ከደሴ ወደ ወልድያ የሚወስደው አውራ ጎዳና በሐይቅና በውጫሌ ከተሞች በኩል ያልፋል። የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ በ2 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአጎራባቹ አምባሰል ወረዳ የሚገኙት ደጋማ ቦታዎች ደግሞ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ከፍታ በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። በመሆኑም በሐይቁ ዳርቻ በጋቢ የሚታለፈው ሌሊት በአምባሰል ደጋ የውርጭ ሌሊት ሊሆን ይችላል።

ብርዱ የሚከብደው ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። በእነዚህ ወራት ሰማዩ ከደመና የጠራ በመሆኑ መሬቱና የቤቱ ጣሪያ ቀን የሰበሰቡትን ሙቀት ሌሊት በፍጥነት ያጣሉ። በአካባቢው የሚገኙ በርካታ አሮጌ ቤቶች ግድግዳቸው ከድንጋይና ከጭቃ ወይም ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነው። ቀደም ሲል በሣር ይከደኑ የነበሩት ቤቶች አሁን በአመዛኙ ቆርቆሮ ለብሰዋል። ቆርቆሮ ዝናብን በመከላከልና ለረጅም ጊዜ በማገልገል ሣርን ይበልጣል። ሙቀትን በመያዝ ረገድ ግን ከሣር ክዳን ጋር አይወዳደርም።

ነዋሪው ለብርዱ የሚሰጠው የተለመደ ምላሽ እሳት ማንደድ ነው። እሳቱም ማገዶ ይጠይቃል። በገጠር ቤቶች ከሚቃጠለው ማገዶ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለእንጀራ መጋገሪያ የሚውል ሲሆን፣ እንጨት በጠፋበት ደጋ ቦታውን የሚተካው ኩበት ነው። የተቃጠለው ኩበት ማሳውን ሊያዳብር ይችል የነበረ ፍግ በመሆኑ፣ የቤቱ ብርድ ዞሮ ዞሮ የእርሻው ጉዳይ ይሆናል።

ይህን ችግር በአነስተኛ ወጪ ለማቃለል የሚያስችሉ ሥራዎች አሉ። ብዙዎቹንም ባለቤቱ ራሱ ወይም በአካባቢው የሚገኝ ግንበኛ ሊያከናውናቸው ይችላል። ሆኖም ሥራዎቹ ቅደም ተከተል አላቸው። መጀመሪያ ጭሱን ማስወጣት፣ ቀጥሎ ብርዱን መዝጋት፣ በመጨረሻም ኃይልን ከፀሐይና ከእበት ማግኘት ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ ሲዛባ ገንዘብ ይባክናል፤ የሰው ሕይወትም ሊጠፋ ይችላል።

ጭሱ የሚቀድምበት ምክንያት ግልጽ ነው። የግድግዳው ስንጥቅና የጣሪያው ክፍተት ብርድ የሚያስገቡትን ያህል ጭስም ያስወጣሉ። ምድጃው በቤት ውስጥ እያለ ቀዳዳዎቹን ሁሉ መድፈን ጭሱን ከሰዎች ጋር መዝጋት ማለት ነው። በተለይም ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል አቀጣጥሎ መተኛት ለሞት የሚዳርገው በዚሁ ጋዝ ምክንያት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3 ነጥብ 2 ሚሊዮን ሰዎች በዓለም ዙሪያ ሕይወታቸውን አጥተዋል።

ከሁሉ የሚሻለው ማእድ ቤቱን ከመኝታ ክፍሉ መለየት ነው። ይህ በማይቻልበት ቤት ከምድጃው በላይ የጭስ መውጫ መሥራትና በተቃራኒው ግድግዳ በዝቅታ ንጹሕ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ መተው ይገባል። ከሰልም ቢሆን ከመኝታ በፊት ከቤት መውጣት አለበት።

ቀጣዩ ሥራ ምድጃውን መለወጥ ነው። በአገሪቱ ከ1980ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው "ምርጥ" የተሰኘው የእንጀራ ምድጃ በቅርጽ ማውጫ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራ ሲሆን፣ ተገጣጣሚ ክፍሎች አሉት። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶ ፍጆታን እስከ ግማሽ ድረስ ይቀንሳል። ከምጣዱ ሥር የሚወጣው ትኩስ አየር በስተኋላ ለተጣደው ድስት ስለሚደርስ ሙቀቱ በከንቱ አይባክንም። አዲስ የተሠራ ምድጃ ወዲያውኑ እሳት ሊገባበት አይገባም። ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ውሃ እየጠጣ በጥላ ሥር መቆየት ይኖርበታል። ይህ ጥንቃቄ ያልተደረገለት ምድጃ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይሰነጠቃል፤ ቤተሰቡም ወደ ጉልቻው ይመለሳል።

ጭሱ መውጫ ካገኘ በኋላ ብርዱን መዝጋት ይቻላል። ለግድግዳ ተመራጭ የሆነው ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው የጭቃና የጤፍ ጭድ ምርጊት ነው። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ለጥቂት ቀናት እንዲብላላ ከተደረገ በኋላ ሲለጠፍ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ስንጥቁም ይቀንሳል። ለሥራው የሚመቸው ጊዜ ክረምቱ አልፎ ብርዱ ሳይበረታ ያለው የጥቅምት ወር ነው። የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን ጠንካራ ቢመስልም፣ ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር በአንድነት ስለማይለጠጥና ስለማይኮማተር ይሰነጠቃል። በስንጥቁ የገባው እርጥበትም ታምቆ ግድግዳውን ከውስጥ ያበሰብሰዋል።

ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ኮርኒስ መሥራት ከማናቸውም ሥራ ይበልጥ ውጤት ያሳያል። ባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶችን አጥቦ፣ ሰፍቶና ወጥሮ መዘርጋት በቆርቆሮውና በክፍሉ መካከል የአየር ሽፋን ይፈጥራል። ሌሊት ከቆርቆሮው ሥር የሚንጠባጠበውን ጤዛም ይቀበላል። ነገር ግን ከረጢት በቀላሉ በእሳት ስለሚያያዝ ከምድጃ በላይና በጭስ መውጫ አጠገብ መዘርጋት የለበትም። በበር ሥር ያለውን ክፍተት አሸዋ በተሞላ ረጅም የጨርቅ ከረጢት መዝጋት፣ ከመኝታ ሥርም ሰሌንና አጎዛ ማንጠፍ ከዚህ ጋር የሚሄዱ ሥራዎች ናቸው። በበጋ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታዘነብል በዚያ አቅጣጫ ያለውን መስኮት በእኩለ ቀን ከፍቶ ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት መዝጋት ምንም ወጪ አይጠይቅም።

ሦስተኛው ደረጃ ኃይልን በራስ ማግኘት ነው። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ወደ ደቡብ ወሎ በተስፋፋበት ወቅት የኤሌክትሪክ አገልግሎት ተቋርጦ መቆየቱ፣ መስመር የገባላቸው ከተሞችም ቢሆኑ መጠባበቂያ እንደሚያስፈልጋቸው አሳይቷል።

በኢትዮጵያ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን በአማካይ ከ5 እስከ 6 ኪሎዋት ሰዓት የሚደርስ የፀሐይ ኃይል ይገኛል። አንድ የ50 ዋት የፀሐይ ፓነል በቀን ለ5 ሰዓታት ሙሉ ፀሐይ ቢያገኝ 250 ዋት ሰዓት ያመነጫል። በሽቦ፣ በአቧራና በባትሪ የሚባክነው ሲቀነስ 170 ዋት ሰዓት ገደማ ይቀራል። አራት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓታት ሲበሩ 100 ዋት ሰዓት ይወስዳሉ። ሁለት የእጅ ስልኮችና አንድ ትንሽ ሬዲዮ 40 ያህል ይጨምራሉ። ለሁለት ሌሊት የሚበቃ ክምችት ለመያዝ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ 50 አምፒር ሰዓት ገደማ ሊኖረው ይገባል፤ እንዲህ ዓይነቱ ባትሪ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከተሟጠጠ ዕድሜው ያጥራልና። ፓነሉ ወደ ደቡብ 15 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ቢተከል ዝናቡ አቧራውን ያጥበዋል።

ከዚህ መሣሪያ የማይጠበቀውንም ማወቅ ተገቢ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ስለሚፈልግ ከ60 በላይ እንዲህ ያሉ ፓነሎችን ይጠይቃል። ስለዚህ ፀሐይ ለብርሃን፣ የተሻሻለው ምድጃ ደግሞ ለእንጀራ ነው። ቤት ለማሞቅ የሚያገለግለው ምርጊቱና ኮርኒሱ እንጂ ፓነሉ አይደለም።

ለወጥና ለሻይ ከብት ያለው ቤተሰብ ባዮጋዝ ሊጠቀም ይችላል። 25 ኪሎ ግራም ትኩስ እበት ከእኩል ውሃ ጋር ሲደባለቅ በሞቃት ሁኔታ 1 ሺህ ሊትር ገደማ ጋዝ ይሰጣል፤ ይህም አንድ ምድጃ ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያነድዳል። ለዚህም ቢያንስ አራት የቀንድ ከብትና በየዕለቱ የሚገኝ ውሃ ያስፈልጋል። የሚወጣው ዝቃጭ ለማሳው ማዳበሪያ ስለሚሆን እበቱ ሁለት ጊዜ ያገለግላል።

ከፍታ እዚህም ወሳኝ ነው። ጋዙን የሚያመነጩት ሕዋሳት በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በሚገባ ይሠራሉ። ከ20 ዲግሪ በታች ይዳከማሉ፤ ወደ 10 ዲግሪ ሲጠጋ ሥራቸው ከሞላ ጎደል ይቆማል። ስለዚህ ውሃ በቅርብ በሚገኝበት የሐይቅ ዙሪያ ተስፋ የሚጣልበት ግንባታ በአምባሰል ከፍተኛ ቦታዎች በብርድ ወራት ሊያሳፍር ይችላል። ጉድጓዱን በአፈርና በፍግ ክምር መሸፈን ሙቀቱን በከፊል ይጠብቃል፤ ችግሩን ግን ሙሉ በሙሉ አያስወግድም።

በአገር አቀፍ ደረጃ የተገኘው ልምድም ይህንኑ ያመለክታል። በ2001 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በአምስት ዓመታት 14 ሺህ ማብላያዎችን ለመገንባት ቢያቅድም ያጠናቀቀው ከዚያ በታች ነው። ከተገነቡትም መካከል በውሃ፣ በእበትና በመለዋወጫ እጥረት ሥራ ያቆሙ ነበሩ። በአንጻሩ በሰሜን ሸዋ ረማ በተባለችው የገጠር መንደር በ1990ዎቹ መጨረሻ የፀሐይ ኃይል ለበርካታ ቤቶች ሲዳረስ፣ የአካባቢው ወጣቶች በጥገና እንዲሠለጥኑና ተጠቃሚዎች ለአገልግሎቱ በየወሩ አነስተኛ ክፍያ እንዲከፍሉ ተደርጎ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የተደረገው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ከሕዝቡ 35 በመቶ የሚሆነውን ከዋናው መረብ ውጪ ባሉ አማራጮች ለማዳረስ ያለመ ነበር። እንዲህ ያለው ዕቅድ የሚፈጸመው በወረዳና በቀበሌ ደረጃ በመሆኑ የአፈጻጸም ሪፖርቱ አዘገጃጀት ትርጉም አለው። የተሠራጨ ምድጃና የተተከለ ፓነል ብቻ የሚቆጥር ሪፖርት በሦስተኛው ወር የተሰነጠቀውንና ባትሪው የሞተውን አያሳይም። ከአንድ ዓመት በኋላ በሥራ ላይ የሚገኘውን የሚቆጥር ሪፖርት ግን ሥልጠናው፣ መለዋወጫውና ጥገናው የት እንደጎደለ ያመለክታል።

በቀበሌዎቹ የሚሠሩ መምህራን፣ የጤናና የግብርና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚኖሩት በእነዚሁ አሮጌ ቤቶች ነው። በጥቅምት ወር በባለሙያው ቤት የሚለጠፍ ምርጊት፣ የሚዘረጋ ኮርኒስና የሚወጣ ጭስ ለጎረቤቱ ከስብሰባ ይልቅ ያስተምራል። የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችም የምድጃ ቅርጽ ማውጫውን በማዋስና ለአንድ ቀበሌ ቢያንስ አንድ የጥገና ባለሙያ በማሠልጠን ሥራውን ብርዱ ከመግባቱ በፊት ማስጀመር ይችላሉ።