የምክር ቤት ወንበር የማን ነው?

በክፍል ውስጥ ስለ ምርጫ ስናስተምር ተማሪዎች አዘውትረው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በአንድ ፓርቲ ስም የተመረጠ ሰው ወደ ሌላ ፓርቲ ሲሄድ ወንበሩን ይዞ ይሄዳል ወይስ ትቶ?» የሚል ነው። አብዛኞቹ መልሱን ሳይጠብቁ «ከሃዲ ነው!» ብለው ይፈርዳሉ። ፍርዱ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ከጎረቤታችን ከጅቡቲ በመነሣት ጉዳዩን ለማብራራት እንሞክራለን። ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ካርቲየ 7 ቢስ በጅቡቲ ከተማ በቡላኦስ ኮሙን የሚገኝ ሰፈር ነው። ለነዋሪው ከሚኒስትር ይልቅ የሚቀርበው የኮሙኑ ተመራጭ ነው፤ ቆሻሻ ሲከማች፣ ጎርፍ ሲገባ አቤት የሚለው ለእርሱ ነው። ስለዚህ የተመራጩ አቋም ለነዋሪው የሩቅ ፖለቲካ አይደለም።

በጅቡቲ ከ1981 እስከ 1992 በሕግ የተፈቀደው ፓርቲ አንድ ብቻ ስለ ነበር ፓርቲ መቀየር ትርጉም አልነበረውም። የ1992ቱ ሕገ መንግሥት በር ከፈተ፤ የፓርቲዎች ቁጥር ግን እስከ 2002 ድረስ ከአራት እንዳይበልጥ ተወስኖ ቆየ። የመጀመሪያው የክልልና የኮሙን ምርጫ የተካሄደው በ2006 ነው። በ2012ቱ የአካባቢ ምርጫ በዋና ከተማዋ «ራድ» የተባለ ገለልተኛ የዕጩዎች ስብስብ የገዢውን ጥምረት አሸነፈ፤ መሪው አብዱራህማን መሐመድ ጌሌም ከንቲባ ሆኑ። ስብስቡ በኋላ ፓርቲ ሆነ፤ በ2013 ደግሞ ከተቃዋሚዎች ጥምረት ጋር ተሰለፈ። እንግዲህ በ2012 «ገለልተኛ» ብሎ የመረጠ ሰው በዓመቱ ድምፁን በተቃዋሚ ሰልፍ ውስጥ አገኘው። ይህ ክህደት ነው ወይስ የአቋም ማደግ?

መልሱ ወንበሩ የማን ነው በሚለው ላይ ይመሠረታል። ወንበሩ የፓርቲው ነው ብንል የለቀቀ ሰው ወንበሩን ያጣል። የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥት ይህን መንገድ ተከትሏል፤ በካውንቲ ምክር ቤት ፓርቲውን የተወ ብቻ ሳይሆን በገለልተኛነት ተመርጦ ፓርቲ የገባም ወንበሩን ያጣል። ጉዳቱ፣ ተመራጩ ፓርቲው ሲሳሳት አፉን ለመዝጋት ይገደዳል።

ወንበሩ የተመራጩ ነው ብንልስ? ደቡብ አፍሪካ በ2002 ባወጣችው ሕግ የማዘጋጃ ቤት ተመራጮች በተወሰነ ወቅት ወንበራቸውን ይዘው እንዲሻገሩ ፈቅዳ ነበር፤ ከፓርቲው ተመራጮች ቢያንስ 10 በመቶው አብረው መውጣት ነበረባቸው። ልብ እንበል፤ አንድ ተመራጭ ብቻ ያለው ትንሽ ፓርቲ በአንድ ሰው ውሳኔ ባዶ ይቀራል፤ 50 ያለው ፓርቲ ግን አምስት ሰው ካልተባበረ አንድም አያጣም። ሕጉ ለትልቁ አደላ፤ በ2009 ተሻረ።

ሦስተኛው አስተያየት ወንበሩ የመራጩ ነው ይላል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 ሕዝቡ እምነት ያጣበትን ተወካይ ለማንሣት እንደሚችል ደንግጓል። ይሁን እንጂ በ2019 የኢሕአዴግ አባል ድርጅቶች ከሕወሓት በቀር ከስመው ብልጽግና ፓርቲ ሲመሠረት፣ በ2013ቱ ምርጫ በቀድሞው ስም የተመረጡ የወረዳና የቀበሌ ተመራጮች መራጩ እንደገና ሳይጠየቅ የፓርቲ ስም ቀይረዋል። ሰው ፓርቲውን ብቻ ሳይሆን ፓርቲም ሰውን ይዞ ሊቀየር እንደሚችል ይህ ያሳያል።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ከመፍረዳቸው በፊት ሦስት ነገር እንዲጠይቁ እናድርግ። ተመራጩ ምን ቃል ገብቶ ነበር? ከቃሉ የራቀው እርሱ ነው ወይስ ፓርቲው? ምክንያቱንስ ወደ መራጩ ተመልሶ በግልጽ አስረድቷልን? ለካርቲየ 7 ቢስ ነዋሪ የሰውየው የፓርቲ አርማ ብቻ ሳይሆን ይህ መልስም ይገባዋል። ድምፁን የሰጠው እርሱ ነውና።