የአሶሳ ቀይ መንገድ በፓስቴል ዱቄት

ባለፈው የለጠፍኩትን፣ በትንንሽ ወታደሮች የምንጫወትበትን የአሶሳ ውጊያ ጠረጴዛ አይታችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ አብዛኞቻችሁ ወታደሮቹን ትታችሁ መንገዱን ነው የጠየቃችሁኝ። «ምን ቀብተኸው ነው እንዲህ አቧራ የመሰለው?» አቧራ ስለሆነ ነው። የፓስቴል ዱቄት።

ስለ ውጊያው ትንሽ ላስቀድም፤ የመንገዱን መልክ የወሰነው እሱ ነው። መጋቢት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. የቤልጂየም ኮንጎ ጦር (ፎርስ ፑብሊክ ይባላል) ከሱዳን በኩል መጥቶ አሶሳን ከጣሊያን እጅ አስለቀቀ። በዚያው ወር ጋምቤላን ያዘ፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ሳዮ ላይ፣ በዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ የጣሊያኑ ጄኔራል ጋዜራ እጁን ሰጠ። ስለ አድዋና ስለ ማይጨው ስንሰማ ነው ያደግነው፤ የኮንጎ ልጆች እዚህ ድረስ መጥተው መዋጋታቸውን የሚያነሳ ግን ጥቂት ሰው ነው። ለጠረጴዛ ጨዋታ ይህን ውጊያ የመረጥኩትም ለዚሁ ነው።

አሁን ቀኑን ልብ በሉ፦ መጋቢት። በአሶሳ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው፤ መጋቢት ላይ መሬቱ ከደረቀ ወራት ተቆጥረዋል። ከሱዳን ድንበር፣ ከኩርሙክ አቅጣጫ በአፈር መንገድ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ ቀዩ አቧራ መንገዱ ላይ አይቀመጥም። ሣሩን ያለብሰዋል፣ የማንጎውን ቅጠል ያቀላዋል፣ የቀርከሃውን አጥር ከታች ወደ ላይ እየሳሳ ይወጣበታል። ሣሩ ራሱ ግማሹ ተቃጥሎ ጥቁር ነው። ስለዚህ ጠርዙ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል መንገድ ሠርታችሁ ስታበቁ፣ ወታደሩ የቱንም ያህል ቢያምር ቦታው አሶሳን አይመስልም። ፈሳሽ ቀለም ደግሞ የሚሰጣችሁ በትክክል ያንን ነው፦ አንድ ወጥ መልክ፣ የሚያብረቀርቅ ፊት፣ ጥርት ያለ ጠርዝ።

የምትገዙት ደረቁን ፓስቴል ነው። በየጽሕፈት መሣሪያ ሱቁ የሚበዛው የዘይት ፓስቴል ለዚህ አይሆንም፤ ሰም ስላለው ይለጠፋል እንጂ አይፈጭም። ቀይ ቡናማ፣ ቢጫ ቡናማና ግራጫ ካገኛችሁ ይበቃችኋል። ለማንጫ ተራ የሰሌዳ ጠመኔ፣ ለተቃጠለው ሣር የተፈጨ ከሰል ጨምሩበት። ፓስቴሉን በብርጭቆ ወረቀት ላይ እያሻችሁ ሽሮ እስኪመስል አልሙት።

መሬቱን እኔ የምሠራው ከቴሌቪዥን ማሸጊያ ፎም ነው፤ ላዩን ኮላ ቀብቼ የተነፋ አሸዋ እነሰንስበታለሁ። ዱቄት ለስላሳ ፊት ላይ አይቆምም፤ የሚይዘው ሻካራ ነገር ይፈልጋል። አሸዋው ሲደርቅ በደብዛዛ ቡናማ ቀለም አንዴ እቀባዋለሁ፤ የፈሳሽ ቀለም ሥራ እዚያ ላይ ያበቃል። ከዚያ በደረቅ ብሩሽ ጠቆር ያለውን ቀይ ዱቄት ጎማ በሚረግጠው መስመር ላይ፣ ነጣ ያለውን መሐል ላይና ዳር ላይ። ዳሩ ላይ ስትደርሱ እጃችሁን አታቁሙ፤ ብሩሹን ወደ ሣሩ እየጠረጋችሁ አሳልፉት። ሁሉ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው።

«የራሱን የአሶሳን አፈር ብንጠቀምስ?» ላላችሁኝ፦ ይቻላል፤ እንዲያውም ቀይ ፓስቴልን የሚያቀላውም ብዙ ጊዜ አፈሩን የሚያቀላው ያው የብረት ኦክሳይድ ነው። ችግሩ መጠን ነው። በ1፡72 ልኬት አንድ ሚሊ ሜትር ጠጠር የ7 ሴንቲ ሜትር ድንጋይ ይሆንባችኋል። አፈሩን በውሃ በጥብጡት፣ ከባዱ እስኪዘቅጥ ጥቂት ጠብቁ፣ ከላይ የቀረውን ድፍርስ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡና አድርቁት። የሚተርፈው ዱቄት ከፓስቴል አያንስም። ግን አንጡት፤ የእውነተኛው አፈር ቀለም ጠረጴዛ ላይ ሲታይ ከሚገባው በላይ ይጠቁራል።

ማጣበቂያው ላይ ነው ብዙ ሰው የሚናደደው። የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ በስፕሬይ፣ ከሩቅ፣ ስስ አድርጋችሁ እየደጋገማችሁ ንፉ፤ ከቅርብ ከነፋችሁ ዱቄቱ ይበተናል። ፎሙ በኮላና በቀለም በደንብ መሸፈኑንም እዩ፤ ስፕሬዩ የተጋለጠ ፎም ካገኘ ይበላዋል። አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ፦ ጠመኔ ቫርኒሽ ሲነካው ንጣቱ ይጠፋል። ስለዚህ ከመንፋታችሁ በፊት መንገዱ «በዛ» እስኪያሰኝ ድረስ አንጡት። ጠረጴዛው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትንፉት፤ እንዳለ ሲቀመጥ የሚያምረውን ያህል ምንም አያምርም። ሲጫወቱበት ይጠፋል፣ እንደገና ትነሰንሱበታላችሁ።

የቀረውን ዱቄት አትጣሉ። በጭነት መኪኖቹ ጎማና በወታደሮቹ እግር ላይ፣ ከጉልበት በታች፣ ያንኑ ቀይ ቀቡ። ከመኪኖቹ ኋለኛውን ይበልጥ አቅሉት፤ ሰልፉ ላይ የፊተኞቹን አቧራ የሚበላው እሱ ነው።