መንገዱ ተሠራ፤ መኪናውስ በስንት ሰዓት ይመጣል?

አዲስ የማሽላ ዘር ሲመጣላችሁ ማሳውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አትዘሩበትም። በመጀመሪያ በትንሽ መደብ ላይ ትሞክሩታላችሁ፤ ድርቁን ከቻለና አቀንጭራውን ከተቋቋመ በሚመጣው ዓመት ታስፋፉታላችሁ። የእርሻ ምርምር ጣቢያም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

መንገድና የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ግን በመደብ ላይ አይሞከሩም። በተሳሳተ ቦታ የፈሰሰ ገንዘብ አይመለስም፤ በተሳሳተ ሰዓት የሚመጣ መኪናም ቲማቲሙን ከመበስበስ አያድነውም። ስለዚህ ሊቃውንት ነገሩን በመሬት ላይ ከማድረጋቸው በፊት በወረቀትና በኮምፒዩተር አስመስለው ይሞክሩታል። ይኸ አሠራር በውጭ አገር ቋንቋ ሲሙሌሽን ይባላል፤ እኛ «አስመስሎ መሞከር» ብንለው ይስማማዋል። ለይፋት ቆላ ገበሬ ምን እንደሚጠቅምና እናንተም በቤታችሁ እንዴት ልትሠሩት እንደምትችሉ ከዚህ በታች እናስረዳለን።

ችግሩ ምንድን ነው?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ከጣርማ በር ቍልቍል ወርዶ፥ ደብረ ሲናንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ፥ በጀወሃና በሰንበቴ በኩል ወደ አጣዬ ይዘልቃል። በዚህ ጎዳና ላይ መኪና አይጠፋም። ነገር ግን በጎዳናው ዳር የቆመ ሁሉ ይሳፈራል ማለት አይደለም። መኪናው ከመናኸሪያ የሚነሣው ወንበሩ ሲሞላ ነውና፥ ሽንኩርቷን ይዛ ከመንገድ ዳር የቆመችው እናት ሞልቶ ሲያልፍ ብቻ ታየዋለች። ከጎዳናው ርቆ ላለው ቀበሌ ደግሞ በክረምት ወንዝ ሲሞላ መሻገሪያው ይዘጋል።

ይኸ ችግር ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ አንድ ጥናት በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ከአንድ የማዳበሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ በተለያየ ርቀት የሚኖሩ ገበሬዎችን መርምሮ ነበር። መኪና በማይገባበት መንገድ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚኖሩት ማዳበሪያው 50 በመቶ ያህል ተወዶባቸው፥ አጠቃቀማቸውም በ75 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ማዳበሪያውን ከወደብ እስከ ጣቢያው 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ለማምጣት የወጣውን ያህል ወጪ የመጨረሻዋ 10 ኪሎ ሜትር ብቻዋን ትጠይቃለች።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በ15 የኢትዮጵያ መንደሮች የሚኖሩ ቤተ ሰቦችን ለብዙ ዓመት ተከታትሏል። ከመንደሮቹም በደብረ ብርሃን አካባቢ ያሉ ይገኙበታል። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ማግኘት ድህነትን በ6.9 በመቶኛ ነጥብ እንደ ቀነሰ፥ የእርሻ ባለሙያ ቢያንስ አንድ ጊዜ መጐብኘቱም በ9.8 በመቶኛ ነጥብ እንደ ቀነሰ አስረድቷል። እንግዲህ መንገድና ትምህርት ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የታሰበ ነበር። ይሁን እንጂ መንገድ በራሱ ሰው አይጭንም። የሚጭነው መኪናው ነው፤ የመኪናውን ነገር የሚወስነው ደግሞ ደንብና ታሪፍ ነው።

በቅል ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

አስመስሎ መሞከር እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንድ ቅል፥ 4 ፍሬ ነጭ ማሽላና 4 ፍሬ ቀይ ማሽላ ይበቃችኋል።

እሑድ የሰንበቴ ገበያ ነው እንበል። ከአንድ መንደር 20 ሰዎች ጎሕ ሲቀድ ወጥተው በመንገድ ዳር ቆመዋል። ከጧቱ 1 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት 8 ግማሽ ሰዓት አለ። በየግማሽ ሰዓቱ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከቅሉ አንድ ፍሬ አውጡ። ነጭ ከወጣ 5 ባዶ ወንበር ያለው መኪና መጣ ማለት ነው፤ ቀይ ከወጣ አልመጣም። ያወጣችሁትን ፍሬ መልሳችሁ ቅሉን ነቅንቁ። 8 ጊዜ ስታወጡ የአንድ ገበያ ቀን ሙከራ አበቃ።

በአማካይ 4 መኪና ይመጣል፤ 4 ጊዜ 5 ደግሞ 20 ነው። አማካዩን ብቻ የሚያይ ሰው «20 ሰው፥ 20 ወንበር፤ ይበቃል» ይላል። እናንተ ግን ጨዋታውን ብዙ ጊዜ ደጋግማችሁ ውጤቱን ጻፉት። ከ100 የገበያ ቀን በ36ቱ ያህል የሚመጣው መኪና ከ4 ያነሰ ኾኖ፥ ቢያንስ 5 ሰው ከነሸክሙ እንደሚቀር ታገኛላችሁ። አማካይ ቍጥር በመንገድ ዳር የቀረውን ሰው ይደብቀዋል።

አሁን ሁለት መፍትሔዎችን እንሞክር።

አንደኛ፥ አንድ መኪና ይጨመር። ከቀዩ ፍሬ አንዱን በነጭ ለውጣችሁ፥ 5 ነጭና 3 ቀይ አድርጋችሁ ተጫወቱ። ሰው የሚቀርበት ቀን ከ100 ወደ 14 ያህል ይወርዳል።

ሁለተኛ፥ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አንድ መኪና 10 ወንበር ለመንገድ ዳር ተሳፋሪ ትቶ እንዲመጣ ደንብ ይውጣ። የቀሩትን 7 ግማሽ ሰዓቶች እንደ ቀድሞው በ4 ነጭና በ4 ቀይ ተጫወቱ። ሰው የሚቀርበት ቀን ወደ 6 ያህል ይወርዳል።

ሁለተኛው ሐሳብ አዲስ መኪና አይጠይቅም፤ የሰዓት ደንብና የተራ አስከባሪ ቍጥጥር ግን ይጠይቃል። በባዶ ወንበር ለተነሣው ባለ መኪናም ኪሳራውን የሚክስ ታሪፍ ያስፈልጋል። በመናኸሪያው ተሰልፎ የነበረ ሌላ ሰው ስለሚቀርም እርሱን አብሮ መቍጠር ተገቢ ነው። የዚህ ሙከራ ጥቅሙ ይኸ ነው፤ ከየሐሳቡ የሚገኘውን ጥቅምና የሚደርሰውን ጉዳት ገንዘብ ሳይወጣ አስቀድሞ ያሳያል።

በሌላው ዓለም

እ.ኤ.አ. በ1946 ስታኒስላው ኡላም የተባለው የሒሳብ ሊቅ ከሕመም ሲያገግም ብቻውን ካርታ ይጫወት ነበር። ጨዋታው የሚሳካበትን ዕድል በቀመር ከማስላት ይልቅ ደጋግሞ ተጫውቶ መቍጠር እንደሚቀል አሰበ። እርሱና ጆን ፎን ኖይማን ሐሳቡን ለኮምፒዩተር አዋሉት፤ ሞንቴ ካርሎ የሚባለው ዘዴ ይኸ ነው። ከማሽላችሁ ጋር ዘሩ አንድ ነው።

ዛሬ ማትሲም የሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የብዙ ሺህ ሰዎችን ውሎ፥ ከቤት መውጣታቸውን፥ መጠበቃቸውንና መመለሳቸውን እያንዳንዱን ለይቶ ያስመስላል። ፕሮግራሙ በበርሊንና በዙሪክ ዩኒቨርሲቲዎች የበለጸገ ነው። በደቡብ አፍሪቃም እንደ እኛ አገር ያለ ቋሚ መርሐ ግብር የሚሠሩትን ሚኒባሶች ለማጥናት አገልግሏል።

የልማት ሠራተኛና ገበሬ ምን ያድርጉ?

ኮምፒዩተሩም ቢኾን የሚመልሰው የተሰጠውን ነው፤ ነገሩ የዘሩትን ማጨድ ነው። ቍጥሩ በግምት ከተሞላ መልሱም ግምት ይኾናል። ስለዚህ ለአራት የገበያ ቀኖች በበጋ፥ ለአራት የገበያ ቀኖችም በክረምት የሚከተለውን መዝግቡ።

1. በመንገድ ዳር ስንት ሰው በስንት ሰዓት ቆመ? ከእነርሱስ ስንቱ ሴቶች ናቸው?
2. እያንዳንዱ መኪና በስንት ሰዓት መጣ? ስንት ባዶ ወንበርስ ነበረው?
3. ስንት ሰው ሳይሳፈር ቀረ? የያዘው ጭነት ሽንኩርት ነው፥ ማሾ ነው፥ ማንጎ ነው?
4. የተከፈለው ሒሳብ ለሰው ስንት ነው? ለጭነትስ?
5. ወንዝ ሞልቶ ወይም መንገዱ በሌላ ምክንያት ተዘግቶ መኪና ያልመጣበት ቀን የትኛው ነው? ይኸን ቀን «አልተቈጠረም» ብላችሁ አትተዉት፤ ዜሮ ብላችሁ ጻፉት። ክፉ ቀኖች ከመዝገቡ ከወጡ ሙከራው የሚያሳየው የሌለ አገር ነው።

በገበያ ቀን ብቻ የሚወሰንም አይደለም። ምጥ የያዛት ሴት እሑድን አትጠብቅም። በሌላው ቀንና በሌሊት መኪና ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ለብቻው ጻፉ።

መዝገቡ ሲሞላ የልማት ሠራተኛው ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጦ በቅሉ ይሞክረው፤ መዝገቡንና ውጤቱንም ለወረዳው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ያቅርብ። «መኪና ያንሰናል» የሚል አቤቱታ ከብዙ አቤቱታ አንዱ ኾኖ ይቀራል። «ከስምንት የገበያ ቀን በሦስቱ ይኸን ያህል ሰው ከነሽንኩርቱ ቀርቷል፤ አንድ መኪና በ1 ሰዓት ወንበር ትቶ ቢነሣ ይኸን ያህሉ ይሳፈራል» የሚል ጽሑፍ ግን ለውሳኔ ይመቻል። ምርታችሁን በኩንታል እንደምትቈጥሩት ሁሉ በመንገድ ዳር ያለፈውን ሰዓታችሁንም ቍጠሩት፤ እርሱም ከድካማችሁ የተከፈለ ነው።