የጉበት በሮች፦ ስታቲን የደም ኮሌስትሮልን እንዴት ይቀንሳል?

ከአራዳ ወደ መርካቶ ስንጓዝ የምናገኘው ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ስያሜውን ያገኘው የአፄ ምኒልክ የጦር ሚኒስትር ከነበሩት ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። ድልድዩን ተሻግሮ ወደ ገበያው የሚዘልቅ ሰው ዕቃ የጫኑ አይሱዙዎች በየመጋዘኑ በር ተሰልፈው ያያል። የሚያራግፉበት በር ካነሰ መንገዱ ይጨናነቃል። በደማችን ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ኮሌስትሮል ብዙዎች እንደሚያስቡት ከቅቤና ከጮማ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ለሕዋስ ሽፋን፣ ለሐሞትና ለአንዳንድ ሆርሞኖች አስፈላጊ በመሆኑ አብዛኛውን የሚሠራው ሰውነታችን ራሱ ነው። በውሃ ስለማይሟሟ በደም ውስጥ የሚጓዘው ሊፖፕሮቲን በሚባሉ ተሸካሚዎች ተጭኖ ሲሆን፣ ከእነዚህ አንዱ የሆነው ኤልዲኤል ሲበዛ በደም ቧንቧ ግድግዳ ውስጥ እየተጠራቀመ ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ይዳርጋል።

ስታቲን ይህን ስብ አያቀልጥም። የሚያግደው ኤችኤምጂ-ኮኤ ሪዳክቴዝ የተባለውንና ጉበት ኮሌስትሮል የሚሠራበትን ኢንዛይም ነው። ጉበትም ኮሌስትሮል ሲያጥረው በገጹ ላይ ያሉትን የኤልዲኤል ተቀባዮች ያበዛል፤ ማለትም ተጨማሪ የማራገፊያ በሮችን ይከፍታል። እነዚህን ተቀባዮች ያገኙት ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የመጀመሪያውን ስታቲን ያገኙት ጃፓናዊው አኪራ ኤንዶ ናቸው። ከ6000 በላይ የፈንገስ ዓይነቶችን ከመረመሩ በኋላ፣ በኪዮቶ ከአንድ የእህል መደብር በተገኘ ሩዝ ላይ ከበቀለ ሻጋታ እ.ኤ.አ. በ1973 ለዩት። የእህል በረንዳ ነጋዴ የሚያማርርበት ሻጋታ የመድኃኒት ምንጭ መሆኑ ያስገርማል። የሻገተ እህል መድኃኒት ነው ማለት ግን አይደለም፤ ሌሎች ሻጋታዎች የሚያመነጩት አፍላቶክሲን ጉበትን ይመርዛል።

ውጤቱስ? እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ በሆነውና 4444 የልብ ሕመምተኞች በተሳተፉበት የሰሜን አውሮፓ ጥናት፣ ሲምቫስታቲን ኤልዲኤልን በ35 በመቶ ሲቀንስ «ጥሩው» የሚባለውን ኤችዲኤል በ8 በመቶ ከፍ አድርጓል፤ የሞት አደጋም በ30 በመቶ ቀንሷል። መጠኑን እጥፍ ማድረግ ግን ውጤቱን እጥፍ አያደርገውም። ኤልዲኤሉ በዴሲሊትር 190 ሚሊግራም የሆነ ነጋዴ 20 ሚሊግራም አቶርቫስታቲን ቢወስድ ወደ 114 ገደማ ሊወርድለት ይችላል፤ 40 ሚሊግራም ቢወስድ የሚጨምርለት ቅናሽ 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የምርመራው ውጤት ሲያምር «ዳንኩ» ብሎ ክኒኑን ይተዋል። ኢንዛይሙ ግን ታገደ እንጂ አልጠፋም፤ በሳምንታት ውስጥ ጉበት ወደ ቀድሞ ሥራው፣ ኤልዲኤልም ወደ ቀድሞ መጠኑ ይመለሳል። ብርቱ የጡንቻ ሕመም የተሰማው ወይም ያረገዘች ሴት ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ማማከር ይኖርባቸዋል።

ዐቢይ ጾም ሲገባ ቅቤና ሥጋ መቅረታቸው ኤልዲኤልን በተወሰነ ደረጃ ሊቀንስ ቢችልም፣ ጉበት የሚሠራውን አያስቆምም። ለጾመኛው የሚያመቸው ነገር ሲምቫስታቲን የሚወሰደው ማታ መሆኑ ነው፤ ጉበት ኮሌስትሮልን በብዛት የሚሠራው ሌሊት ነውና። አቶርቫስታቲን ደግሞ በሰውነት ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚቆይ በማንኛውም ሰዓት፣ ከምግብ በፊትም ሆነ በኋላ ሊወሰድ ይችላል።