ከአስኮ እስከ ቦሌ፦ ለድኩም መንገደኛ ስለሚገባው ረድኤት

የአውሮፕላን ጉዞ ከመኳንንትና ከባለሥልጣናት እጅ ወጥቶ የተራው ሕዝብ መንገድ ከሆነ ብዙ ዘመን ባይቈጠርም፣ ዛሬ ልጃቸውን ለዋሽንግተን ወይም ለሮም የሰጡ አንዲት የአስኮ አሮጊት፣ ጉልበታቸው ከሳንሱሲ ገበያ አልፎ የማያስኬዳቸው ቢሆኑም እንኳ፣ የልጅ ልጃቸውን ለመሳም ውቅያኖስ ይሻገራሉ። ስለዚህ ድኩማን፣ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በአየር ሲጓዙ ማን ይርዳቸው፣ ረድኤቱስ ቸርነት ነው ወይስ ግዴታ የሚለው ጥያቄ፣ በሩቅ አገር ሸንጎ ብቻ ሳይሆን በየቤታችን የሚነሣ ሆኗል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ በዚያው ዓመት ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር፣ የአዲስ አበባ ማረፊያ ገና የልደታው ሜዳ ነበር። በኋላ የጄት ዘመን መጥቶ ያ ሜዳ ስላጠረ፣ ቦሌ በ1950ዎቹ ተተካ፤ ልደታ አጠገብ ያለው ሰፈር ግን እስከ ዛሬ ኦልድ ኤርፖርት መባሉን አልተወም። በ1995 ዓ.ም. የቦሌ ሁለተኛው ተርሚናል ተከፈተ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ተስፋፍቶ በዓመት እስከ 22 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ሆነ። ነገር ግን አዳራሽ በሰፋ ቍጥር ከበሩ እስከ አውሮፕላኑ ያለው እርምጃም አብሮ ይረዝማልና፣ ለብርቱው ሰው ክብር የሆነው ስፋት ለደካማው ፈተና ሆነበት።

ሕጉ ዝም አላለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን ድጋፍ እንዲያደርግ ያዝዛል። የሕንፃ አዋጅ ቍጥር 624/2001 በ36ኛው አንቀጽ፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ ሁሉ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱም፣ መራመድ እየቻሉ ደረጃ መውጣት ለሚሳናቸውም የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደነገገ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአዋጅ ቍጥር 676 አጸደቀች። በውጭው ዓለም አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1986፣ የአውሮፓ ኅብረትም በ2006 ለአካል ጉዳተኛ የአየር መንገደኞች የተለየ ሕግ አውጥተዋል፤ በሁለቱም ዘንድ ለሚሰጠው ረድኤት ዋጋ አይጠየቅም። የኛ አየር መንገድም ወደነዚያ አገሮች እየበረረ በሕጋቸው መገዛቱ አይቀርምና፣ ነገሩ ከእንግዲህ የቸርነት ጉዳይ ሊሆን አይችልም።

የአሠራሩን ሥርዓት ማወቅ ግን ለመንገደኛው ይጠቅማል። አየር መንገዶች ዊልቸር የሚጠይቀውን ሰው በሦስት ይከፍሉታል፦ ደረጃ መውጣት ችሎ ረጅም መንገድ የሚያደክመው፣ ደረጃ የማይወጣ ሆኖ በአውሮፕላኑ ውስጥ ግን ራሱን የሚችል፣ እስከ መቀመጫው ድረስ በሰው የሚረዳ። ትኬት ሲቈረጥ ከነዚህ አንዱ በስሙ ካልተመዘገበ፣ አውሮፕላኑ ከተርሚናሉ ርቆ የቆመ ዕለት መንገደኛው በአውቶቡስ ተወስዶ ከረጅም ደረጃ ሥር ይቆማል፤ ከፍ አድርጎ የሚያነሣው ልዩ መኪና ቀድሞ ላልተነገረለት ሰው ወዲያው አይደርስምና። ለመስማት ለተሳናቸው መከራው ሌላ ነው፤ የመሳፈሪያው በር ሲለወጥ ለውጡ በድምፅ ማጉያ ብቻ ከተነገረ እንዳልተነገረ ነው። ስለዚህ እነርሱም ሆኑ ዓይነ ስውራን ሁኔታቸውን ቀድመው ማስመዝገብ ይገባቸዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በሹክሹክታ የሚያማውን ነገር በግልጽ ማንሣት ይሻላል። እግራቸው ጤነኛ ሆኖ ሳለ ቋንቋ ስለማያውቁ ብቻ ዊልቸር የሚታዘዝላቸው እናቶች ጥቂት አይደሉም። ልጆቻቸው ከባሕር ማዶ ሆነው ይህን የሚያደርጉት፣ እናታቸው በፍራንክፈርት ወይም በዋሽንግተኑ የዱልስ ኤርፖርት አዳራሽ ውስጥ ጠፍተው እንዳይቀሩ፣ ወንበሩን የሚገፋው ሰው መሪ እንዲሆናቸው ነው። በሕንድ መንገደኞችም ዘንድ ይኸው ልማድ ብዙ ክርክር አስነሥቷል፤ የሚነቅፉት፣ በእውነት የማይራመደው ሰው ወንበር አጥቶ ይጠብቃል ይላሉ፤ ይህም ሐሰት አይደለም። እኔ ግን ጥፋቱን በእናቶቹ ላይ አላሳርፍም። ማንበብ የማይችል፣ በማያውቀው ቋንቋ መካከል የቆመ አዛውንት ረዳት መሻቱ ግድ ነው፤ ቤተሰቡም እውነተኛውን ምክንያት ቢናገር፣ ያለ ወንበር ከበር እስከ በር የሚያደርስ አጃቢ ሊሰጥ ይገባል። በአንጻሩ ደግሞ ጉልበታቸው እያሰቃያቸው «ሽባ መሰልሁ» በማለት ከወንበሩ የሚሸሹ አባቶች አሉ፤ ይህ ሐፍረት ከንቱ ነው።

የራሱን ዊልቸር ይዞ የሚሄድ ሰው ሌላ ሥጋት አለበት። ባትሪ ያለው ከሆነ የባትሪው ዓይነት አስቀድሞ መነገር አለበት፤ አለዚያ በመሳፈሪያው ሰዓት ሊከለከል ይችላል። ወንበሩ ቢሰበር እ.ኤ.አ. በ1999 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት እንደ ሻንጣ ቈጥሮ ለካሣው ወሰን ያበጅለታልና፣ ውድ ወንበር ያለው ሰው ዋጋውን በጽሑፍ ማስመዝገብ እንደሚችል ይወቅ። የሰውን እግር ከሻንጣ ጋር አንድ ማድረግ ምን ያህል ፍትሕ እንደሆነ ለአንባቢ እተወዋለሁ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው በር መለስ ያለው መንገድ ነው። ከአስኮ በዊንጌት አልፎ፣ ቀለበት መንገዱን ወይም የመርካቶን ጭንቅንቅ ተከትሎ ቦሌ ለመድረስ፣ ተሽከርካሪ ወንበር በሚኒባስ ታክሲ አይጫንም፤ የከተማው ባቡርም አስኮ አይደርስ፣ ኤርፖርትም አይገባ። ስለዚህ ቤተሰቡ ኮንትራት ታክሲ ይዞ፣ አሮጊቷን በክንድ አንሥቶ ያስገባና ያወጣል፤ ተርሚናሉ ደጃፍ ሲደርስም ሸኚ ወደ ውስጥ ስለማይዘልቅ፣ እስከዚያ የተሸከማቸው ልጅ ለማያውቁት ሰው አስረክቦ ይመለሳል። ሕጉ ስለ ሕንፃ በር ሲናገር ከቤት እስከ በሩ ያለውን ረስቷል።

አሁን ደግሞ በቢሾፍቱ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ አቡሴራ በተባለው ስፍራ በዓመት 100 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል የተባለ አዲስ ማረፊያ እንዲታነጽ የዲዛይን ውሉ በ2016 ዓ.ም. ተፈርሟል። የአስኮ ሰው መንገድ ያን ጊዜ ይበልጥ ይረዝማልና፣ ወደዚያ የሚወስደው አውቶቡስና ባቡር ወለሉ ዝቅ ያለ፣ ወንበር የሚያስገባ ይሆን ዘንድ አካል ጉዳተኞች ራሳቸው ከመሐንዲሶቹ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ይቀመጡ። እስከዚያው ግን እናትህን ወይም አባትህን የምትሸኝ አንባቢ ሆይ፣ ትኬቱን ስትቈርጥ የሚያስፈልጋቸውን ረድኤት አስመዝግብ፣ ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ደግሞ ደውለህ መመዝገቡን አረጋግጥ።